ጆሴፍ ፒላተስ፦ ከእስረኛ አልጋ እስከ ጡት ካንሰር ማገገሚያ

ፒላተስ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ቲክቶክ ላይ የምናየው ነው። ምንጣፍ፣ ጥብቅ ያለ የስፖርት ልብስ፣ ቦርጭ ማጥፊያ፣ ውድ ጂም። የሀብታም ስፖርት ነው ብለው የሚያልፉትም አሉ። ፒላተስ ግን የሰው ስም ነው። ሰውየው ደግሞ ስሙን ያስጠራለትን ሥራ የጀመረው ቦርጭ ላስቸገረው ሳይሆን ከአልጋ መነሳት ላቃተው ሰው ነው።

ዛሬ የዚህን ሰው ታሪክ ይዘን የመጣነው በምክንያት ነው። በየዓመቱ ኦክቶበር ሲመጣ በየገጹ ሮዝ ሪባን ይለጠፋል። ጡታችሁን ፈትሹ፣ ቶሎ ታከሙ እንላለን። ልክ ነው፣ ወደፊትም እንላለን። ታክማ የወጣችውስ? ኦፕራሲዮን ተደርጋ፣ ኬሞውን ጨርሳ፣ ጨረሩን ወስዳ ቤቷ የገባችው እናት ወይ እህትስ? ጠያቂው ሁሉ እግዜር ይማርሽ ብሎ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ አንድ ቀን ጸጉሯን ልትሠራ እጇን ስታነሳ ትከሻዋ እምቢ ይላታል። ነጠላዋን ወደ ኋላ ለመጣል፣ አክንባሎ ለማንሳት፣ ከመደርደሪያ ጨው ለማውረድ ሰው መጥራት ይኖርባታል። ስለዚህኛው ክፍል ብዙ አይወራም። የጆሴፍ ፒላተስ ሕይወት ከዚህ ጥያቄ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለው፤ እሱን እንከተል። (ዓመተ ምህረቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በሽተኛው ልጅ

ጆሴፍ ፒላተስ የተወለደው ዲሴምበር 9 ቀን 1883 በምዕራብ ጀርመን፣ ሞንሽንግላድባህ በምትባል የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ነው። አባቱ ብረት ሠራተኛ ነበር፤ ጂምናስቲክም ይሠራ ነበር። ልጁ ግን የአባቱን ጉልበት ይዞ አልተወለደም። አስም ነበረበት። አጥንት የሚያጣምመው ሪኬትስ ነበረበት። በዛ ላይ ሩማቲክ ፊቨር ተጨመረ። ያኔ አንቲባዮቲክ የሚባል ነገር የለም። እንዲህ ያለ ልጅ ወይ ይሞታል፣ ወይ እንደ ደከመ ያድጋል።

ስሙም አላሳረፈውም። የሰፈር ልጆች ክርስቶስን አሳልፎ ከሰጠው ከጲላጦስ ጋር እያያያዙ ያበሽቁት ነበር ይባላል። እኛ አገር ቢወለድ ኖሮ ምናልባት ትንሽ ይቀለው ነበር፤ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጲላጦስ በቅዱስነት ይታሰባል።

ልጁ እንደ ደከመ ማደጉን እምቢ አለ። ጂምናስቲክ ጀመረ፣ ቦክስ ጀመረ፣ የሰውነት አሠራር የሚያሳዩ መጻሕፍትን አገላበጠ። የትኛው ጡንቻ የቱን አጥንት እንደሚስብ ለማወቅ እንስሳት ሲንቀሳቀሱ ቆሞ ያይ ነበር። ተማሪዎቹ እንደሚተርኩት 14 ዓመት ሲሞላው ሰውነቱ ለአናቶሚ ሥዕል ሞዴል እስከመሆን ደርሷል። ሐኪም አልነበረም፣ የህክምና ዲግሪም አልያዘም። የተማረው በራሱ ደካማ ሰውነት ላይ ነው። ይህ ነገር ኋላ ላይ ጠቅሞታልም፣ ጎድቶታልም።

ሃያ ሺህ እስረኛ

በ1912 ገደማ ወደ እንግሊዝ ሄደ። እዚያ ቦክሰኛ ሆነ፣ ሰርከስ ውስጥም ሠራ። ሕይወት መስመር ልትይዝ ስትል በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። እንግሊዝ ውስጥ የሚኖር ጀርመናዊ ሁሉ በአንድ ጊዜ የጠላት አገር ዜጋ ሆነ። ጆሴፍም ተይዞ መጀመሪያ ላንካስተር፣ ከዚያ በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል ባለችው የማን ደሴት ወደሚገኘው ኖካሎ ካምፕ ተወሰደ። ይህ ካምፕ ከ20,000 በላይ ወንዶች የታጎሩበት ነበር። ሽቦ አጥር፣ የእንጨት ቤት፣ ጭቃ፣ ሥራ ፈትነት። ጦርነቱ መቼ እንደሚያበቃ የሚያውቅ የለም። ሰው በጥይት ባይሞት እንኳ በመቀመጥ ብዛት ይበሰብሳል።

ጆሴፍ እዚያ ሆኖ እስረኞችን ማሠራት ጀመረ። መሣሪያ ስለሌለ ወለል ላይ፣ በራስ ክብደት። ዛሬ ምንጣፍ ላይ የሚሠራው የፒላተስ ዓይነት መነሻው ይህ ነው። ግን ወለል ላይ መውረድ የማይችሉ፣ ታመው የተኙ ሰዎችም ነበሩ። ታሪኩን ያቆዩልን ተማሪዎቹ እንደሚሉት ለነዚህ ሰዎች የአልጋውን ሞላ ፈትቶ ከአልጋው ራስጌና ግርጌ አሰረላቸው። በሽተኛው ተኝቶ እጁን ወይ እግሩን ሞላው ላይ አስሮ ይስባል፣ ይለቃል።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን አንድ ትልቅ ሐሳብ አለበት። ሞላ በሁለት መንገድ ይሠራል። ጠንካራ ሰው ሲስበው ይታገለዋል፣ ጡንቻ ያወጣለታል። ከላይ ታስሮ የደካማ ሰው እጅ ሲንጠለጠልበት ደግሞ ክብደቱን ይሸከምለታል፣ አብሮት ያነሳል። ብረት ማንሳት ይህን አያደርግም። ብረት ሁሌም ወደ ታች ነው የሚጎትተው። የሞላው ነገር ይያዝልን፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ስምንተኛው ጎዳና

ጦርነቱ ሲያልቅ ወደ ጀርመን ተመለሰ፤ ሃምቡርግ ውስጥ ፖሊሶችን አሠለጠነ። በ1926 ወደ አሜሪካ ተሻገረ። መርከቡ ላይ ክላራ ከምትባል ጀርመናዊት ጋር ተዋወቀ፤ ከዚያ በኋላ እስኪሞት አልተለያዩም። ኒው ዮርክ፣ ስምንተኛው ጎዳና ቁጥር 939 ላይ ስቱዲዮ ከፈቱ። ሥራውን ፒላተስ ብሎ አልጠራውም፤ ኮንትሮሎጂ ነበር የሚለው። ሰውነትን በአእምሮ መቆጣጠር ለማለት ነው።

አካባቢው የዳንሰኞች ሰፈር ነበር። ዳንሰኛ ደግሞ ጉልበቱ ሲሳሳት፣ ወገቡ ሲቀጭ እንጀራው ነው የሚቋረጠው። የባሌው ሊቅ ጆርጅ ባላንሺንና የዘመናዊ ዳንስ እናት የምትባለው ማርታ ግራሃም ከደንበኞቹ መካከል ነበሩ፤ የተጎዱ ዳንሰኞችም ወደሱ ይላኩ ነበር። እዚያ የገባ ሰው የሚያየው ስፖርት ቤት የሚመስል አልነበረም። ተንሸራታች አልጋ፣ አራት ቋሚ ያለው ሌላ አልጋ፣ ከየአቅጣጫው የተሰካ ሞላ፣ የቆዳ ማሰሪያ። የካምፑ አልጋ ነው አድጎ የመጣው። ተንሸራታቹ አልጋ ዛሬ ሪፎርመር ይባላል፤ በየጂሙ ያለውም እሱ ነው።

ሰውየው ቁጡ ነበር ይላሉ የሠሩት። በበረዶ ጊዜ እንኳ በቁምጣ ይወጣል፣ ሲጋር ያጨሳል፣ ያልታዘዘውን ይጮህበታል። ክላራ በተቃራኒው ነበረች። ዝም ብላ በሽተኛው አጠገብ ቆማ፣ የቱ ጋ እንደሚያመው አይታ እንቅስቃሴውን ትቀንስለታለች፣ ታስተካክልለታለች። ዛሬ ለህመምተኛ የሚሰጠው ረጋ ያለ ፒላተስ ከጆሴፍ ይልቅ የክላራ እጅ አለበት የሚሉ አስተማሪዎች ብዙ ናቸው።

በ1934 አንድ፣ በ1945 ደግሞ ሁለተኛ መጽሐፍ አወጣ። ሁለተኛው 34 እንቅስቃሴዎችን ከነፎቶው የያዘ ነው። ፎቶው ላይ ያለው 60 ዓመት ያለፈው ራሱ ጆሴፍ ነው።

ኢቭ ጀንትሪ

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን።

ኢቭ ጀንትሪ ዳንሰኛና የዳንስ አስተማሪ ነበረች። በ1909 የተወለደች፣ የታዋቂዋ የሃንያ ሆልም ቡድን አባል የነበረች ሴት ናት። ጆሴፍ ጋ ለብዙ ዓመታት ሠርታለች፤ በመጀመሪያ የመጣችው እንደ ብዙዎቹ ዳንሰኞች በጉዳት ነው። በ1950ዎቹ ግን ሌላ ነገር መጣ፤ የጡት ካንሰር።

የዚያን ዘመን ኦፕራሲዮን ማወቅ ያስፈልጋል። ዊልያም ሃልስቴድ የሚባል አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስለመደው ዘዴ ነው። ጡቱ ብቻ አይደለም የሚወጣው። ከጡቱ ሥር ያሉት የደረት ጡንቻዎችም ይወጣሉ፣ የብብት ንፍፊቶችም ተጠርገው ይወጣሉ። ሐሳቡ ብዙ በቆረጥን ቁጥር ካንሰሩ አይመለስም የሚል ነበር። ለሰባና ሰማንያ ዓመት ያህል ዓለም ላይ ያሉ ሴቶች በዚህ መንገድ ታከሙ። የተረፉት ደረታቸው ጎድጉዶ፣ ትከሻቸው ወደ ፊት ታጥፎ፣ እጃቸው አብጦ ይኖሩ ነበር። በርናርድ ፊሸር የሚባል ሌላ አሜሪካዊ ሐኪም ዕጢውን ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠት በሕይወት ለመቆየት እኩል እንደሚሠራ በጥናት ያሳየው በ1985 ነው። ለኢቭ አልደረሰላትም።

ኢቭ ጡቷን፣ የደረት ጡንቻዋንና የብብት ንፍፊቶቿን አጣች። ለዳንሰኛ እጅ ማንሳት አለመቻል ማለት ለዘፋኝ ድምፅ እንደማጣት ነው። ወደ ስምንተኛው ጎዳና ተመለሰች። ጆሴፍ አብሯት ሠራ፤ ቀስ እያለ፣ በሞላው እያገዘ፣ በትንፋሽ እየጀመረ። ተማሪዎቿ እንደሚተርኩት እጇም ደረቷም ሙሉ እንቅስቃሴያቸውን መለሱ።

ጆሴፍ ይህን በፊልም ቀርጾ ለሐኪሞች አሳየ ይባላል። አላመኑትም። የደረት ጡንቻ የሌላት ሴት ይህን ልትሠራ አትችልም፣ ይህች ሴት ኦፕራሲዮን አልተደረገችም አሉ። ኢቭ ያኔ ትልቅ ነገር አደረገች። ልብሷን አውልቃ፣ ጠባሳዋ እየታየ እንደገና እንዲቀርጻት ፈቀደች። ያ ዘመን ሴት የጡት ካንሰር እንዳለባት ለጎረቤት እንኳ የማትናገርበት ነበር፤ ካንሰር የሚለው ቃል ራሱ በሹክሹክታ የሚነገርበት። ፊልሙን ስናስብ የጆሴፍን ችሎታ ብቻ ሳይሆን የኢቭን ድፍረት ማሰብ አለብን። ኢቭ ከዚያ በኋላ ሳንታ ፌ በምትባል ከተማ ለዓመታት ስታስተምር ኖራ በ1994 አረፈች።

ለምን ይሠራል?

ተአምር አይደለም። ምክንያቱ ሲገለጽ ቀላል ነው።

ከጡት ኦፕራሲዮን በኋላ ቁስሉ ሲድን ጠባሳው ይሸበሸባል፣ ቆዳውና ሥጋው ይጣበቃል። ጨረር ሲጨመር ደግሞ የደረቱ ሥጋ እየጠነከረ ይሄዳል። አንዳንዷ ብብቷ ውስጥ እንደ ክር የተወጠረ ነገር ይሰማታል፤ እጇን ስታነሳ ይጎትታታል። ሴትየዋ ሕመሙን ፈርታ እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ ትይዛለች። በዚህ ሁኔታ ወራት ሲያልፉ ትከሻው ይደርቃል፣ ጀርባዋ ይጎብጣል፣ ትንፋሿም ያጥራል።

የፒላተስ ሥራ የሚጀምረው ከትንፋሽ ነው። ጥልቅ ትንፋሽ የጎድን አጥንቶችን ከውስጥ ወደ ውጭ ይከፍታል፤ የተጣበቀውን ደረት ማንም ሳይነካው ያላቅቀዋል። ቀጥሎ የሚመጣው እጅ አይደለም፣ የጀርባው ትከሻ አጥንት ነው። እሱ ካልተንሸራተተ እጅ ከፍ አይልም። ከዚያ በኋላ ነው እጅ የሚነሳው፣ ያውም በሞላ ወይ በሌላኛው እጅ እየታገዘ። ያ የካምፑ በሽተኛ እጁን በአልጋው ሞላ ላይ እንዳንጠለጠለው ማለት ነው።

ጥናቶቹስ? በ2008 የካናዳ ተመራማሪዎች የጡት ካንሰር ታክመው በነበሩ 4 ሴቶች ላይ ትንሽ ሙከራ አድርገው የትከሻ እንቅስቃሴያቸው መጠነኛ መሻሻል እንዳሳየ ጽፈዋል። በ2010 የቱርክ ተመራማሪዎች ፒላተስ የሠሩ ታካሚዎች የመራመድ አቅማቸው እንደተሻሻለ አሳይተዋል። ትናንሽ ጥናቶች ናቸው፤ ከሌላ የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴ ይበልጣል ብሎ ለመማል አያበቁም። ደግሞም ግልጽ እናድርገው፦ ፒላተስ ካንሰር አያድንም። የሚመልሰው እጅን፣ ትንፋሽንና ቀጥ ብሎ መቆምን ነው።

ከዚህ የሚበልጥ ክብደት ያለው ግን በ2009 በአሜሪካ የወጣው ጥናት ነው። ድሮ የብብት ንፍፊት የወጣላት ሴት በዚያ እጇ ምንም እንዳታነሳ ትመከር ነበር፤ እጇ ያብጣል ተብሎ። ይህ እብጠት ሊምፌዲማ ይባላል። ካትሪን ሽሚትዝ የምትመራው ቡድን እጃቸው አስቀድሞ ያበጠ 141 ሴቶችን መርጦ፣ ግማሾቹን ከትንሽ ጀምሮ ቀስ በቀስ ክብደት እንዲያነሱ አደረገ። እብጠቱ አልባሰባቸውም። እንዲያውም እብጠት የሚያገረሽባቸው ጊዜ ቀነሰ፣ ጉልበታቸውም ጨመረ። ጆሴፍ በኢቭ ላይ በድፍረት የሞከረው ነገር ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በሌላ መንገድ ማስረጃ አገኘ ማለት ይቻላል።

የሰውየው መጨረሻ

ጆሴፍ ግን ይህን አላየም። ዕድሜውን ሙሉ ሥራው ሆስፒታልና ትምህርት ቤት እንዲገባ ይፈልግ ነበር። ሐኪሞቹ አልተቀበሉትም። እሱም በበኩሉ ለሐኪም የሚሆን አነጋገር አያውቅበትም፤ ሁሉን በሽታ በራሱ ዘዴ እፈውሳለሁ ሲል ልክ የነበረበትንም ነገር ያስንቅበታል። እየመረረው አረጀ። ኦክቶበር 9 ቀን 1967፣ በ83 ዓመቱ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ በሳንባ በሽታ ሞተ። ዕድሜ ልኩን ስለ ትንፋሽ ያስተማረ ሰው በትንፋሽ ማጣት ሞተ። የሞተበት ወር ዛሬ የጡት ካንሰር ወር መሆኑ አጋጣሚ ነው፣ ግን ልብ ይነካል።

ኑዛዜ አልተወም፣ ተተኪ አልሾመም። ክላራ ከሱ ሞት በኋላ ሥራውን ይዛ ቆየች። ከዚያ እነ ሮማና ክሪዛኖቭስካ፣ እነ ኢቭ ጀንትሪ ለዓለም አዳረሱት። ስሙ ሲገንን የባለቤትነት ክርክር ተነሳ። በ2000 የኒው ዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት ፒላተስ እንደ ዮጋና ካራቴ የሁሉም ስም ነው፣ ማንም ብቻውን ሊይዘው አይችልም ብሎ ወሰነ። ይህ ውሳኔ ለኛ ጉዳይ ትርጉም አለው። ማንም ሰው ተነስቶ ፒላተስ አስተምራለሁ ማለት ይችላል። ስለዚህ የታከመች ሴት ጂም ስትገባ በቅድሚያ የምትጠይቀው ዋጋ ሳይሆን አስተማሪው ከጡት ኦፕራሲዮን በኋላ ያለን ሰውነት ያውቃል ወይ የሚለው ነው።

ወደኛ ቤት ስንመጣ

ኢትዮጵያ ውስጥ ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች አንደኛው የጡት ካንሰር ነው። ብዙዎቹ ሐኪም ቤት የሚደርሱት ዘግይተው ስለሆነ ጡትን ሙሉ በሙሉ ከነብብት ንፍፊቱ ማውጣት ዛሬም የተለመደ ነው። ለጨረር ህክምና ለረጅም ዓመታት አገሩ ሁሉ ጥቁር አንበሳን ደጅ ሲጠና ኖሯል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ስለ ትከሻ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። አይደለም። እጇ የማይነሳላት ሴት እንጀራ መጋገር፣ ልጅ ማዘል፣ ልብስ ማጠብ፣ ሥራዋ ላይ መመለስ አትችልም። ካንሰሩን አሸንፋ ቤቷ ውስጥ ጥገኛ ትሆናለች።

ቤተሰብም በፍቅር ይጎዳል። አትነሺ፣ ተኚ፣ እኛ እንሠራለን እንላለን። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ልክ ነው። ወር ካለፈ በኋላ ግን ያ እጅ የሚፈልገው እረፍት ብቻ አይደለም።

የሞላ አልጋ አያስፈልግም። ሐኪሙ ሲፈቅድ፣ ብዙ ጊዜ የፈሳሽ ማውጫው ቱቦ ከወጣ በኋላ፣ በየፊዚዮቴራፒ ክፍሉ የሚሰጡት እንቅስቃሴዎች ግድግዳና ዱላ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ግድግዳ አጠገብ ቆሞ በጣት ቀስ እያሉ ወደ ላይ መውጣት። ጀርባ ላይ ተኝቶ ዱላ በሁለት እጅ ይዞ፣ ደህናው እጅ የታመመውን እየረዳ ከራስ በላይ ማሳለፍ። ጥልቅ ትንፋሽ። ይኸው ነው። መወጠር ይሰማል፤ ስለታም ሕመም ግን መኖር የለበትም። እጅ ካበጠ፣ ከቀላ፣ ካተኮሰ ወይም ትኩሳት ከመጣ አቁሞ ቶሎ ወደ ሐኪም ነው። አጥንቷ የሳሳ፣ ወይም ካንሰሩ አጥንት ላይ የደረሰባት ሴት ደግሞ ወገብ አጥፎ የሚያንከባልለውን የጆሴፍን እንቅስቃሴ ጭራሽ መሞከር የለባትም፤ ከቪዲዮ አይቶ መሥራት እዚህ ላይ አደጋ አለው።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ጥያቄ አለ፣ ሐኪም ቤት ሳይለቀቅ የሚጠየቅ፦ እጄን መቼና እንዴት ላንቀሳቅስ? ይህን ለመጠየቅ ገንዘብ አያስፈልግም። እናታችሁ ወይ እህታችሁ ማለት ካፈረች አብራችኋት ግቡና እናንተ ጠይቁላት። ፊዚዮቴራፒ እንዲጻፍላትም ጠይቁ።

ይህን ጽሑፍ የሚያስፈልጋት ሴት የምታውቁ ካላችሁ አድርሷት። በቀጣይ ሳምንት በሌላ ታሪክ እንገናኛለን።